«ይሄዳል እኮ!»



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የመኪና ሞተር ድምፅ ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ትምህርቴ የመድረሳ ነው፤ ከዚያ ጋር ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ። ሥራዬም እዚህ ዓለም ከተማ ላይ ልጆችን ማስቀራት ነው። ይሁን እንጂ የማያውቁት ነገር አማና ሆኖ እጅ ላይ ሲወድቅ፣ ወይ መማር አለዚያም የሚያውቀውን መጠየቅ ግዴታ ነው። በእኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ከእናንተም መካከል ደጁ ላይ የምትጮኽ፣ ግን የምትሄድ መኪና ያለችው አይጠፋምና ጥቂት ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ በ2009 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደ። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ተወ። ከንብረትም አንዲት አሮጌ፣ ባለ አንድ ጋቢና የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ትቶ ነበር። ወላጆቻችን ቀድመው ስለሞቱ ውርሱ ሲከፈል ስምንተኛው እጅ የሚስቱ፣ የቀረው የልጆቹ ሆነ። ልጆቹ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ መኪናዋን እንድጠብቅና እንዳሠራ አደራው የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ሾፌር ቀጠርንላት። ጤፍና ማሾ ትጭናለች፤ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የሱቅ ዕቃ ታመጣለች። ሲያጋጥምም ከገጠር ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት እናት አሳፍራ እናት ሆስፒታል ታደርሳለች። ከገቢዋ የሾፌሩ ደመወዝና የናፍጣው ወጪ ተቀንሶ የቀረው የየቲሞቹ ቀለብና የትምህርት ቤት ወጪ ነው። እንግዲህ በዚያች መኪና ላይ የማወጣት እያንዳንዷ ብር የእኔ አይደለችም። ሳላወጣ ቀርቼ የማጠፋውም የእኔ አይደለም። ጭንቁ ከዚህ ይጀምራል።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። የሟቹ ወንድሜ የበኩር ልጅ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከመድረሳ ስንመለስ መኪናዋ ደጅ ላይ ሞተሯ እየሠራ ቆማ አገኘናት። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመና አዳመጠ።

«አጎቴ፣ ይህ ድምፅ የእሷ አይደለም» አለኝ።

«እንዴት የእሷ አይደለም?»

«አባዬ እያለ እንዲህ አትልም ነበር።»

ሾፌሩን ጠየቅሁት። ሳቀና «ኡስታዝ፣ ናፍጣ ሞተር መቼም ይጮኻል። ደግሞስ ምን አጥታ? ይሄዳል እኮ!» አለኝ። እኔም ልቤ መስማት የሚፈልገውን ሰምቷልና አመስግኜው ገባሁ። ከዚያ በኋላ አብሬው ስሳፈር ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ከበታች በኩል «ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ» ይላል። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? እጄን ሰድጄ የነሺዳውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። መልካም ነገርን ለመሸፈኛነት መጠቀሜን ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም።

ወር ያህል እንዲህ ካለፈ በኋላ ዱግታው ከነሺዳው በላይ ሆነ። ምክር መጠየቅ ጀመርሁ፤ ሦስት ዓይነት ምክርም አገኘሁ።

የመጀመሪያው የሾፌሩ ነው፤ «የሚሠራ ሞተር አይነካም» የሚል። ይህን ምክር በንቀት አትዩት፤ ከባዶ የመነጨ አይደለም። አንድ ጎረቤታችን ለትንሽ ድምፅ ብሎ ሞተሩን አስከፍቶ ነበር። የከፈተው ሰው ብሎኖቹን በልኩና በተራው ባለማጥበቁ ሞተሩ ውኃና ዘይት እየቀላቀለ ተመለሰ። የሄደው ገንዘብ ሄደ፤ የቀድሞው ድምፅም አልቀረ። ጤነኛ ሞተርን መክፈት በራሱ አደጋ አለው።

ሁለተኛው የደላላው ነው። «ሽጣት!» አለኝ። «ወፍራም ዘይት ሙላባት፤ ድምፁ ይዋጣል። ሁለት ሳምንት ጸጥ ብላ ትሄዳለች። እስከዚያ ገዥ አመጣለሁ።»

ሦስተኛው የወንድሜ ሚስት ቃል ነው፤ ምክር ሳይሆን ጥያቄ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ላይ እንደቆመች «ኡስታዝ፣ እኔ ስለ ሞተር አላውቅም። ከተከፈተች ግን ስንት ቀን ትቆማለች? ልጆቹ በዚያ ቀን ምን ይበላሉ?» አለችኝ። ውድ አንባቢ፣ ሦስቱን ምክሮች በሚዛን ብታስቀምጣቸው የከበደኝ የትኛው እንደሆነ አይጠፋህም።

በመጨረሻ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድሁ። ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሥር ያሳለፉ ሰው ናቸው። መፍቻ ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ አነሡ።

«ሼኪ፣ ድምፁ የሚሰማው ጠዋት በብርዱ ነው ወይስ ሞተሩ ሲሞቅ? ባዶዋን ስትሆን ነው ወይስ ስትጫን? ዳገት ላይ ይብሳል ወይስ ቁልቁለት ላይ? የዘይት መብራቱስ ቆማ ሳለ ብልጭ ይላል?»

አንዱንም መመለስ አልቻልሁም። እንዴትስ እችላለሁ? ወር ሙሉ ነሺዳ ስከፍትበት የኖርሁ ሰው ነኝ። እርሳቸውም ነገሩ የገባቸው ይመስል ፈገግ አሉና «ይሂዱና አንድ ሳምንት ያዳምጡት። ሳያዳምጡ መክፈት ሳይመረምሩ መድኃኒት መስጠት ነው» አሉኝ። ጭነቱን እንድናቀልና ሾፌሩም በዝግታ እንዲነዳ አስጠነቀቁን። ደብተርና እርሳስ ይዤ ልጁን ከጎኔ አስቀምጬ ተሳፈርሁ። ቴፑንም ዘጋሁት።

የአገራችንን መንገድ ለማታውቁት ላስረዳ። ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትርቃለች። በጎጃሙ መንገድ ወጥታችሁ ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፉና ለሚ ትደርሳላችሁ። ከለሚ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ስትመለከቱ ምድር ከእግራችሁ ሥር የተከፈለች ይመስላችኋል። ያ የጀማ ሸለቆ ነው፤ ወንዙም ወደ ዓባይ የሚገባው ጀማ ነው። መንገዱ በጥምዝምዝ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ወደ መርሐቤቴ መልሶ ይወጣል። ከላይ ጋቢ ያስለበሳችሁ ብርድ ታች ስትደርሱ የለም፤ ሸለቆው ይጋግራል። ለሞተርም እንዲሁ ነው። በጠዋት ብርድ እንደ ማር የወፈረው ዘይት ታች ሲደርስ ይቀጥናል፤ የከበደው ሥራ ማለትም ዳገቱ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

የጻፍነው ይህን ይመስል ነበር፦ ጠዋት ሲነሣ ድምፁ ትንሽ ነው። ሲሞቅ ይጨምራል። ቁልቁለቱን ነዳጅ ሳይሰጠው ሲወርድ ይቀንሳል። ከጀማ ድልድይ በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ሲይዝ እንደ መዶሻ ይመታል። አፋፉ ላይ ስንቆም ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ይህችን የመጨረሻዋን ያየው ልጁ ነው።

መካኒኩ ደብተሩን አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን ሳልቆነጥር ላካፍላችሁ፤ ከእናንተ አንዱን ከከንቱ ወጪ ወይም ከአደጋ ያድን ይሆናልና።

ናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ድምፀ ብርቱ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሲፈለስፈው ያለ ካንዴላ እንዲሠራ አድርጎ ነው። አየሩ በፒስተን ታምቆ እጅግ ሲግል ናፍጣው ይረጭበትና በራሱ ይቀጣጠላል። ሁልጊዜ የምንሰማው ጠቅጠቅታ የዚያ መቀጣጠል ነው፤ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ሾፌሩ «ናፍጣ ሞተር ይጮኻል» ማለቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ስሕተቱ ጩኸትን ሁሉ አንድ ማድረጉ ነው።

ከላይ በኩል ቀለል ያለ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና «ጭክ ጭክ» የሚል ድምፅ ቢኖር ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ነው። ይህ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሳይከፍቱ ይስተካከላል። ጠዋት ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ የፒስተን መላላት ሊሆን ይችላል፤ ዘይቷን እየተከታተሉ እንዲህ ዓይነቷን ብዙ ዘመን የሚነዷት አሉ። «ጭስ ጭስ» የሚልና መጋጠሚያው ላይ ጥላሸት ያለበት ከሆነ የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። የሚያፏጭ ከሆነ ችንጋው ነው። እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ማየት ወጪው ትንሽ ነው። ከበታች የሚመጣ፣ ከባድ፣ ሲሞቅና ሲጫን የሚብስ፣ የዘይት መብራት የሚያበራ ዱግታ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ አስረዱኝ። የፒስተኑን እንቅስቃሴ ወደ መዞር የሚለውጠው ቢየላ የሚባለው ክንድ ነው። ክንዱ ኮሎ የሚሉትን ዋናውን ዘንግ የሚይዘው ብሮንዚን በተባለች ስስ ብረት አማካይነት ነው። በብሮንዚኗና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ያንንም የሚሞላው ዘይት ነው። ብረት በብረት ላይ የሚኖረው በዚያች የዘይት ሽፋን ሰላም ነው። ብሮንዚኗ ስትበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ዘይቱም ያለ ግፊት በዚያ ይፈስሳል። ያን ጊዜ ክንዱ ዘንጉን መምታት ይጀምራል። ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር ያ ምት በደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ አስቡት። ይህ ቁስል በራሱ አይድንም። እየሰፋ ይሄድና አንድ ቀን ወይ ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ ወይም ክንዱ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ያኔ የሚጠገን ነገር የለም፤ ሞተር መግዛት ብቻ ነው።

«ግን እርግጠኛ ነዎት?» አልኋቸው። የየቲም ገንዘብ በግምት አይወጣምና።

ቅር አላላቸውም። ሞተሩን አስነሡና ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር ናፍጣ የሚያስገባውን ቱቦ ብሎን በተራ ላላ አደረጉ፤ እኛ እጃችንን እንዳናስጠጋ ከልክለው ነው፤ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን ይበሳል። አንደኛውን ሲያላሉ ዱግታው አልተለወጠም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲያላሉ ድምፁ ወዲያው ለዘብ አለ። «እዚህ ነው ያለው» አሉ። «አሁንም ግን ኖዝሉ ሊሆን ይችላል።» ስለዚህ የሦስተኛውንና የአንደኛውን ኖዝል አቀያየሩ። ጥፋቱ የኖዝሉ ቢሆን ድምፁ አብሮት ወደ አንደኛው ይሄድ ነበር። አልሄደም፤ ሦስተኛው ላይ ቀረ። በመጨረሻ ዘይቱን በነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ደቃቅ፣ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ነበረበት። ልጁ አጎንብሶ ሲያይ «ወርቅ ይመስላል» አለ። እርሳቸውም «አዎን ልጄ፣ ወርቃችሁ ነው እየፈሰሰ ያለው» አሉት።

ውድ አንባቢያን፣ ፈተናው የመጣብኝ ካወቅሁ በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ደላላው ገዥ ይዞ መጣ። የመጣው ሰው የገጠር ነጋዴ ነበር፤ ያቀረበው ዋጋም ጥሩ ነበር። የወንድሜ ሚስት ጥያቄ በጆሮዬ ያቃጭላል፤ ዕድሳት የለ፣ መቆም የለ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ለልጆቹ ሌላ ነገር መጀመር ይቻላል። ሸይጧንም መልካም ምክንያት አያጣም፤ «ለየቲሞች ስትል ነው» ይላል። እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት መካኒኩን ባልጠየቅሁ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ሳላውቅ ብሸጥ ነጻ እሆን ነበር አልሁ። ወዲያውም ራሴን ታዘብሁ። ጆሮን ደፍኖ «አልሰማሁም» ማለት አለማወቅ ነውን? ጉድለት ያለበትን ዕቃ ጉድለቱን ሳይናገሩ መሸጥ ማታለል እንደሆነ ለልጆች የማስተምረው እኔው ነኝ። የየቲምን ገንዘብ የሌላ ሰው ልጆች በሚያጡት ገንዘብ ማብዛት ደግሞ የትኛው መድረሳ ያስተምራል?

ለሰውየው «ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ብሮንዚኑ ተበልቷል» አልሁት። ደላላው በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ከዚያም ተቆጣ። ገዥው ዋጋውን ከግማሽ በታች አወረደ፤ ሳንስማማም ሄደ። ሲሄድ ግን እጄን ጨብጦ «አላህ ይስጥልኝ» አለኝ። መንገዱ በጀማ በኩል ነበርና።

አሁን የቀሩት ሁለት ምርጫዎች ነበሩ፤ እንዳለች ማሠራት ወይም ማሳደስ። ከወንድሜ ሚስት ጋር ተቀምጠን በወረቀት ላይ አሰብናቸው። ለብሮንዚኖቹ፣ ለጓርኒሲዮኑ፣ ለቶርኖ ቤቱና ለእጅ ሥራው የሚጠየቀው የእኔን የአራት ወር ደመወዝ ያህላል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር መግዛት ግን የዚያን አምስት እጥፍ ይፈጃል። እንዳለች ብትሠራ ምናልባት ሦስት ወር ትቆይ ይሆናል፤ ምናልባትም ሦስት ቀን። በገንዘብ ብቻ ብናየው እንኳ ማሳደሱ ይሻል ነበር። ነገር ግን ክርክሩን የጨረሰው ገንዘቡ አልነበረም።

መካኒኩን አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር። «ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቀጥ ቢል ምን ይሆናል?» አልኋቸው። እንዲህ መለሱልኝ፦ በዚህ ዓይነት ናፍጣ መኪና ላይ ፍሬን የሚያግዘው የአየር መሳቢያ ፓምፕ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ነው። ሞተሩ ከቆመ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መኪናዋን በማርሽ ይዞ ያወርዳት የነበረው ሞተርም ከእንግዲህ እንደ ልብ አይታዘዝም። ይህ ሜዳ ላይ ቢደርስ መኪና ገፍቶ ዳር ማስያዝ ነው። በጀማ ጥምዝምዝ ላይ ቢደርስስ? ከኋላ ጤፍ ብቻ ሳይሆን ሰው ተጭኖ ቢሆንስ? ምጥ የያዛት እናት ብትሆንስ?

ይህን ስነግራት የወንድሜ ሚስት ዝም አለች። ከዚያም «ሾፌሩም ልጆች አሉት» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ያች ሴት የስምንተኛውን እጅ ባለቤት ብቻ አልነበረችም፤ በዚያ ቀን የሙሉ አደራው ባለቤት ሆና አየኋት። «አትከፈት» ብትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

መኪናዋ ለሦስት ሳምንት ቆመች። ቀላል አልነበረም። ሾፌሩ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለምና ሌላ መኪና ያዘ። የልጆቹን ቀለብ ዘመድና ጎረቤት ተጋግዞ ሸፈነው፤ የእኔም ቤት እራት ቀጠን ብሎ ሰነበተ። ኮፓው ወርዶ የሦስተኛው ቢየላ ሲፈታ ብሮንዚኗ በመካኒኩ መዳፍ ላይ አረፈች። ነጩ ገጿ ተልጦ መዳብ የመሰለው ሥሯ ወጥቷል። ዘንጉ ግን አልተሰነጠቀም። አዲስ አበባ ተልኮ ቶርኖ ቤት በሚሊ ሜትር ሩብ፣ ማለትም በ0.25 ተሞርዶ ለዚያው ልክ የተሠሩ ብሮንዚኖች ተገጠሙበት። መካኒኩ እንዳሉት ጥቂት ሳምንታት ብንዘገይ ዘንጉ ለመሞረድም አይሆንም ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት አባቶቻችን ሞተር ባያውቁም ነገሩን ያውቁት ኖሯል።

ሞተሩ ተገጥሞ በተነሣ ዕለት ልጁን ወሰድሁት። ጸጥ ያለች መኪና የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ጸጥ አላለችም፤ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ማለቷን ቀጠለች። ልቤ ደነገጠ። ልጁ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ፊቱ ፈካ። «አጎቴ፣ አሁን የእሷ ድምፅ ነው» አለኝ። አባቱ በሕይወት ሳለ ይሰማው የነበረው ድምፅ ነዋ! ሱብሐነላህ! እኔ ጸጥታን ስጠብቅ እርሱ የሚጠብቀው ጤናን ኖሯል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ነገር የተማርሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። የሚጮኽ ሞተር ሁሉ ይከፈት አላልሁም፤ የማያስፈልግ ጥገናም እንደ ቸልተኝነት ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። ነገር ግን «ይሄዳል እኮ» ማለት ለማንኛውም ጥያቄ መልስ አይሆንም። የተሰበረችውም መኪና ብትሆን እስክትሰበር ድረስ ስትሄድ ነበር። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት አራት ነገሮችን ጠይቁ፦ ድምፁ የምንድን ነው? ባለበት ቆሟል ወይስ እየባሰ ነው? ቢሰበር የሚሰበረው የት ላይ ነው፣ ማንንስ ይዞ? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው፤ እኔ ነኝ ወይስ በእኔ የታመነ ሌላ ሰው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ይመልስላችኋል። የኋለኞቹን ሁለቱን ግን መካኒክ አይመልሳቸውም፤ የምትመልሷቸው እናንተ ናችሁ። «ተወከልቱ ዐለላህ» ማለትም ከነዚህ በኋላ ይመጣል፤ ግመሉን ሳያስር ተወከልሁ ያለውን ሰው ነገር ሁላችንም በልጅነታችን ተምረነዋል።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ድምፁን ቀድሞ የሰማው እኔ አልነበርሁም፤ ሾፌሩም አልነበረም። ልጅ ነው የሰማው፤ የሰማውም ይወዳት ስለነበር ነው። በቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ከልኩ ሲወጣ፣ የአባት ቁጣ ሲበዛ ወይም የእናት ዝምታ ሲከብድ፣ አስቀድመው የሚሰሙት ልጆች ናቸው። ልጃችሁ «ይህ ድምፅ የእኛ አይደለም» ሲላችሁ «ይሄዳል እኮ» ብላችሁ አትለፉት። የከፈታችሁትንም ነገር ዘግታችሁ አብራችሁት አዳምጡ።

መኪናዋ ዛሬ በእኔ እጅ አይደለችም። ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ሒሳቡን ከነደረሰኙ በሰዎች ፊት አስረክቤዋለሁ። ከደረሰኞቹ ጋር ያች የተበላች ብሮንዚን በወረቀት ተጠቅልላ ነበረች። የት እንዳስቀመጣት ባላውቅም አልጣላትም።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። መንገዳችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።